ሸኚ ሃያ፣ ተቀባይ ሃያ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በሠርግ ይነገራል፣ በዕድር ስብሰባ ይነገራል፣ ለሰፈር መንገድ መዋጮ ሲጠየቅ ይነገራል። እኔ ግን ይህ ተረት የማይደርስበት አንድ ቦታ አግኝቻለሁ፤ ከምድር አሥር ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ። እዚያ ሃምሳውንም ሎሚ የተሸከመችው አንዲት ሴት ናት። ሃምሳው ሰው ደግሞ በዙሪያዋ ተቀምጦ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ፊልም ያያል።

የማወራው ሕፃናት ልጆቿን ይዛ፣ ብቻዋን፣ ረጅም መንገድ ስለምትበር እናት ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለ ማረፊያ ሲመጣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መልሱ ይብሳል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለዚያን ያህል መንገድ የሚበቃ ነዳጅና መንገደኛ ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ እንደየዘመኑ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ይህቺ ማረፊያ ለሌላው መንገደኛ እግር ማፍታቻ ናት። ለእናትየዋ ግን በስንት መከራ ያስተኛቻቸው ልጆች መብራት ሲበራ የሚነቁባት ሰዓት ናት።

አሥራ ሦስት ሰዓት ለአንድ ጎልማሳ ሰው ልብ ወለድ የሚያስጨርስ ጊዜ ነው። ለእርሷ ስድስት ሰባት ዳይፐር፣ አራት አምስት ጡጦ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስና ቁጥሩ የማይታወቅ «ይቅርታ» ነው። ወደ ፊት ረድፍ ይቅርታ፣ ወደ ኋላ ረድፍ ይቅርታ፣ ወደ ጎን ይቅርታ።

«ምን አስቸኮላት? ባሏን ይዛ አትመጣም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ባልየው ሁለት ቦታ ይሠራል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አሠሪን የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ ስጥ ብሎ አያስገድድም፤ ብዙው ወገናችን በሚሠራባቸው ሥራዎች ደግሞ ያልሠሩበት ቀን ያልተከፈለበት ቀን ነው። ቲኬቱስ? ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ከሄደ ብዙ አየር መንገዶች በዓለም አቀፍ በረራ የአዋቂውን ዋጋ አሥር በመቶ ያህል ነው የሚያስከፍሉት። ሁለት ዓመት የሞላው ዕለት የራሱን ወንበር መግዛት አለበት። «ሁለት ዓመቷ ሳይሞላ እንድረስ» የሚባለው ለዚህ ነው። የጉዞውን ቀን የሚቆርጠው የልጅቷ ልደት እንጂ የአባትየው ፈቃድ አይደለም።

አያትየዋ ለምን አይመጡም? አያትየዋማ ሞክረዋል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 (ቢ) ጎብኚ ቪዛ የሚጠይቀውን ሰው ሁሉ፣ ተመላሽ መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ሊቀር እንደሚሄድ ሰው ነው የሚቆጥረው። የሰባ ዓመት ባልቴት ቆንስላው መስኮት ላይ ቆመው «የልጅ ልጄን ስሜ እመለሳለሁ» ማለታቸው ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ አያት ወደ ሕፃን መሄድ ካልቻለች ሕፃን ወደ አያት ይመጣል። ሕፃን ደግሞ በራሱ አይመጣም። እናት ይዛው ትመጣለች። እንግዲህ የዚህ ጉዞ ምክንያት ሽርሽር አይደለም፤ አንዲት አሮጊት ሳይሞቱ የልጅ ልጃቸውን እንዲያዩ ነው።

ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እያወቅን ምን እናደርጋለን? ስልክ እንደውላለን።

«ልትሄጂ ነው አሉ! ሻንጣሽ ላይ ቦታ አለ?»

ለአንድ አዋቂ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። እኛ የምናውቀው ይህቺን ቁጥር ብቻ ነው። «አንቺማ የልጁም ኪሎ አለሽ አይደል?» እንላለን። ለእማማ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ለወንድሜ ጫማ፣ ለአክስቴ ልጅ ሞባይል። ከሁሉም የሚያስቀኝ የመጨረሻው ነው፤ «ሞባይሉን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ ይሰረቃል። በእጅሽ ብትይዥው ይሻላል።» በእጇ! በየትኛው እጇ? በአንደኛው ሕፃን አቅፋለች፣ በሌላኛው የትልቁን ልጅ እጅ ይዛለች፣ ትከሻዋ ላይ የዳይፐር ቦርሳ አለ፣ ፓስፖርቶቹን በጥርሷ ነክሳለች። ስትመለስም ያው ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ቅቤው ይመጣል፤ «አደራ» ይባላል። አደራ የሚባለው በርበሬው ነው፤ ልጆቹን አደራ የሚል የለም።

ከዚያ መሸኘት ነው። ሸኚው ሃያ ነው፤ እየተሳሳመ፣ እያለቀሰ፣ ፎቶ እየተነሣ እስከ ፍተሻው በር ያደርሳታል። ቦሌ ከመውጫው ውጭ ደግሞ ተቀባይ ሃያ ሆኖ አበባ ይዞ ይጠብቃታል። ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ «አባቱን!»፣ «ኧረ አያቱን ነው የሚመስለው!» ይባላል። ሸኚ ሃያ፣ ተቀባይ ሃያ፤ መሃል ላይ ግን አንዲት ሴት።

«አስተናጋጆቹ ምን ሥራ አላቸው?» የሚል ካለ፣ አይፈረድባቸውም። በአሜሪካ ሕግ ቢያንስ ለሃምሳ መቀመጫ አንድ አስተናጋጅ ነው የሚመደበው። ይህም ቁጥር የወጣው አደጋ ቢመጣ ሰው በፍጥነት ለማስወጣት ተብሎ እንጂ ሕፃን ለማባበል አይደለም። አልጋስ? ከፊት ግድግዳው ላይ የሚሰቀል የሕፃን አልጋ አለ፤ ባሲኔት ይሉታል። ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ የኪሎ ገደብ አለው፣ ቀድሞ ያልጠየቀ አያገኘውም። አየሩ ሲናወጥና የቀበቶው መብራት ሲበራ ደግሞ የተኛውን ሕፃን ከአልጋው አውጥተሽ እቀፊ ትባላለች። ደንቡ ትክክል ነው፤ ልጁ ይነቃል።

የሕፃን ለቅሶም ቅብጠት አይደለም። አውሮፕላን ሲወርድ በጓዳው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ስለሚጨምር የጆሮ ታምቡር ይወጠራል። አዋቂ ምራቁን ሲውጥ፣ ማስቲካ ሲያኝክ ይከፈትለታል። ሕፃኑ ይህን ስለማያውቅ ያለቅሳል። ጡት ወይም ጡጦ ሲያገኝ እየዋጠ ስለሆነ ይሻለዋል። ነገሩ ቦሌ ሲያርፍ ያን ያህል አይከፋም። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር እንዲሆን ተደርጎ የሚሠራ ስለሆነ ከቦሌ አየር ብዙ አይለይም። ወደ ባሕር ወለል ዝቅ ብላ የተቀመጠችው ዋሽንግተን ስታርፍ ነው ጩኸቱ የሚደምቀው። ይህን የማያውቅ ዘመድ «ሽሮፕ ስጫቸው፣ ድብን ብለው ይተኛሉ» ብሎ ይመክራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የሳልና የጉንፋን መድኃኒቶች ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጡ ያሳሰበው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እንቅልፍ ያመጣል የሚባለው ሽሮፕ አንዳንዱን ሕፃን ጭራሽ እንደሚያቅበጠብጥም ሐኪሞች ይናገራሉ። እኛ ግን ክንድ ማበደር ሲከብደን ሽሮፕ እናዝዛለን።

ስለ ጭንም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1989 አንድ አውሮፕላን በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ሱ ሲቲ ላይ ተከሰከሰ። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ጭን ላይ የተቀመጡ አራት ሕፃናት ነበሩ። የአስተናጋጆቹ አለቃ ጃን ብራውን በወቅቱ በነበረው መመሪያ መሠረት ወላጆቹ ሕፃናቱን እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ እንዲያስተኙ ነገረቻቸው። ከአራቱ አንዱ ሞተ። ጃን ብራውን ከዚያ በኋላ ሕፃን የራሱ ወንበርና ማሰሪያ ይኑረው እያለች ለብዙ ዓመታት ተሟገተች። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ግን እ.ኤ.አ. በ2005 አላስገድድም ብሎ ወሰነ። ምክንያቱም ወንበር ግዙ የተባሉ ቤተሰቦች በመኪና መሄድን ይመርጣሉ፣ በመኪና መንገድ ደግሞ የሚሞተው ይበልጣል የሚል ነበር። ስሌቱን ለባለሙያ እንተወው። ለእኛ የሚነግረን ግን አለ። በዓለም ላይ ባለው አሠራር የሕፃኑ ቀበቶ የእናቱ ክንድ ነው። ለአንድ አዋቂ ከአንድ ሕፃን በላይ ጭን ላይ የማይፈቀደውም ለዚህ ነው። ክንዷ በይፋ ተቆጥሮ ሥራ ተሰጥቶታል። እኛ ደግሞ ሞባይል እናስይዘዋለን።

አንድ ጊዜ ከዋሽንግተን ስመጣ ከፊቴ ባለው ረድፍ የስምንት ወር ሴት ልጅና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሚሆነው ወንድ ልጅ የያዘች እናት ነበረች። ከመንገደኛው አብዛኛው የአገር ሰው ነው። ሕፃኗ በሦስተኛው ሰዓት ማልቀስ ጀመረች። በአራተኛውም አላቆመች። ይሄኔ ከማዶ አንድ ደልደል ያለ ሰውዬ የጆሮ ማዳመጫውን ነቅሎ፣

«እህት፣ እኛም እኮ ከፍለን ነው የተሳፈርነው» አላት።

«ይቅርታ ጋሼ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ሁለት ሴቶች በየተራ «እናግዝሽ?» አሏት። «አይ፣ ግድ የለም» አለች። እነርሱም ግዴታቸውን እንደተወጡ ሰው ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ከኋላ በኩል ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ አንዲት እናት ወንበር እየተደገፉ መጡ። «ላግዝሽ» አላሉም።

«አንቺ ልጅ፣ ሽንት ቤት ከሄድሽ ስንት ሰዓትሽ ነው?» አሏት።

እናትየዋ ዝም አለች። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያንን ጥያቄ እስካሁን ማንም አልጠየቃትም። ምግቧ እንኳ እንደታሸገ ነበር።

«አምጪያት» አሉ ሴትየዋ። እናትየዋ አመነታች። «አይዞሽ፣ አውሮፕላን ውስጥ ወዴት ይዣት እጠፋለሁ?»

በዙሪያዋ ያለነው ሁሉ ሳቅን፤ እርሷም እያለቀሰች ሳቀች። ሴትየዋ ነጠላቸውን አዙረው፣ ሕፃኗን አዝለው፣ በመተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመሩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ልጅቷ ጀርባቸው ላይ ተኝታለች። የቀበቶው መብራት በርቶ አስተናጋጇ «እማማ፣ ይቀመጡልኝ» ስትላቸው «እሺ ልጄ» ብለው የተኛችውን ልጅ ለእናቷ መለሱና ተቀመጡ፤ መብራቱ ሲጠፋ እንደገና መጡ። ወንዱ ልጅ ለእኔ ደረሰኝ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ትንሽ አውሮፕላን በጣቱ እየተከተለ አትላንቲክን አብረን ተሻገርን። ያ ቅሬታ አቅራቢ ሰውዬ እንኳ የወደቀ ጡጦ ጎንበስ ብሎ አነሣ። ነገሩ ሁሉ ተደምሮ ከአሥራ ሦስቱ ሰዓት አንዱን ሰዓት እንኳ አልሞላም። እናትየዋ ግን ሽንት ቤት ሄደች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ቀዝቃዛ ምግቧን በላች፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አንገቷን ደፍታ ተኛች።

ሴትየዋ የጠየቁት ጥያቄና ሌሎቹ የጠየቁት ጥያቄ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። «ላግዝሽ?» የሚል ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው። ይሉኝታ ባለበት አገር ያደገች ሴት «አይ፣ ግድ የለም» ነው የምትለው። «እዚሁ ፊትሽ ልያዛት፣ አንቺ ብዪ» ሲባል ግን እምቢ ለማለት ይከብዳል። እናቶቹም ሰው አያምኑም ብለን አንውቀሳቸው። በሚኖሩበት አገር ልጅሽን ለማታውቂው ሰው አትስጪ ተብለው የተማሩ ናቸው፤ ትምህርቱም ክፋት የለውም። ስለዚህ የሚያግዝ ሰው ልጁን ከእናቱ ዓይን አያርቅ። ካልሆነ ልጁን ትያዝ፣ እኛ ወተቱን እንበጥብጥ፣ ሻንጣውን እናውርድ፣ የኢሚግሬሽን ወረፋ እንልቀቅላት። ለዚህ አደራ መቀበል አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ያቺ እናት ቦሌ ስትደርስ ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ። «ጀግና! ሁለቱን ይዛ ብቻዋን መጣች እኮ!» ከዚያ ጭብጨባ፣ እልልታ። እኔ ይህ ቃል ደስ አይለኝም። ጀግና ያልነውን ሰው አናግዝም። ጀግና ምን እርዳታ ያስፈልገዋል? አንዲትን ሴት ጀግና ስንላት ዕዳችንን በአንድ ቃል ከፍለን መገላገላችን ነው። በዚያ ላይ የሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ብቻዋን እንዲሆን ፈርደንባታል፤ አምና ችላዋለቻ!

ደግሞ ጀግንነቱ ለሁሉም አይደለም። በዚያው በቦሌ በር ከአረብ አገር የምትመለስ ሴት ሕፃን አቅፋ ትወጣለች። መንገዷ አጭር ነው፤ ሸክሟ ግን አጭር አይደለም። አንዳንዷ የልጇን የልደት ወረቀት እንኳ ማውጣት ሳትችል ነው የመጣችው። በእነዚያ አገሮች ያለ ጋብቻ መውለድ ሊያስከስስ የሚችል ነገር ነውና። እርሷም ብቻዋን ነው የበረረችው፣ የእርሷም ልጅ አልቅሷል። አበባ የያዘ ግን የለም፤ «ጀግና» የሚላትም የለም፤ «የማን ነው?» የሚል ይበዛል። የምናጨበጭበው ለድካሙ ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም እኩል ባጨበጨብን ነበር።

ባህላችን እኮ ይህን አያውቅም አይባልም። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ሰው ይተኛላታል፣ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ጎረቤት እየተፈራረቀ ይጠይቃታል። ክርስትና እስኪነሣ ወንድ ሲሆን አርባ፣ ሴት ስትሆን ሰማንያ ቀን ቤቱ ሰው አይለየውም። ያችው ሴት ከጥቂት ወራት በኋላ ከዓለም ጫፍ እስከ ጫፍ ብቻዋን ትላካለች።

ይብስ ደግሞ አለ። በውጭ ያለው ወገናችን ዕድር አለው። ሰው ሲሞት፣ አስከሬኑ አገሩ ይግባ ሲባል፣ ገንዘቡ በቀናት ውስጥ ይዋጣል። አብሮ የሚሄድ ሰውም ይፈለጋል፤ ፈቃድ የሌለው ፈቃድ ያወጣል፣ ቲኬት የሌለው ይገዛለታል። «ብቻውን እንዴት ይሂድ?» ይባላል። ደግ ነገር ነው፣ ይልመድብን። ግን ሬሳ አያለቅስም፣ ዳይፐር አይቀየርለትም፣ ጆሮውን አያመውም። ለሞተው «ብቻውን እንዴት ይሂድ?» ያለ አፍ፣ ሁለት ሕፃን ለያዘችው ምነው ዝም አለ?

ማንም ለማንም ቲኬት ይግዛ እያልኩ አይደለም። በክረምትና በገና ሰሞን ወደ አገር ቤት የማይሄድ ሰው ያለበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የለም። ሁሉም ቀኑን የሚቆርጠው ለብቻው ነው። አንዲት እናት የምትሄድበትን ቀን አውቀን የእኛን ቀን በሁለት በሦስት ቀን ብናዛውር፣ ቦርዲንግ ፓስ ስንቀበል ከአጠገቧ ቢሉን ምን ይጎድለናል? ተቀባዩም ቢሆን አበባውን ይተወው። ይልቅ በመጀመሪያው ሌሊት ይምጣላት። በክረምት አዲስ አበባ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ልጆቹ የሚነቁት ያኔ ነው። ቀን ዶሮ ወጡን በልቶ የሄደው ዘመድ በዚያ ሰዓት ተኝቷል፤ እርሷ ግን ሁለተኛውን በረራ ጀምራለች።

በርበሬውና ሞባይሉ በሌላ ሰው ይደርሳል፤ ዛሬ ዕቃ የሚያደርስ ሞልቷል። እንግዲህ ከልጆቿ ጋር ልትሄድ ነው የተባለች እናት ጋ ስትደውሉ «ሻንጣሽ ላይ ቦታ አለ?» ከማለታችሁ በፊት «በየትኛው ቀን ነው? ከማን ጋር ነው?» በሉ። «ብቻዬን ነኝ» ካለች ስልኩን ቶሎ አትዝጉ።